ከቢሮው ጀርባ ወደ ዋንዛው ጥላ፦ የበርበሬ ለቃሚ እናቶች የሕፃናት ማቆያ በምዕራብ ጎጃም

ይህ በ2012 ዓ.ም. የበርበሬ ለቀማ ወቅት የሆነ ነገር ነው። ያኔ በምዕራብ ጎጃም ቆላ፣ በአንድ ሰፊ እርሻ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። የእርሻውን ስም አልጽፍም። የእናቶቹን፣ የልጆቹንና አብረውኝ የሠሩትን ሰዎች ስምም ትቼዋለሁ። ጉዳዩ ግን ተጽፎ መቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለሥራ ከቀያቸው የወጡ እናቶች ባሉበት ሁሉ ያው ጥያቄ አለና፦ ልጁን ማን ይያዘው?

## ዓይኑ የተቃጠለው ሕፃን

ኅዳር መግቢያ ላይ ነው። እኩለ ቀን ገደማ አንዲት እናት እየሮጠች ክሊኒክ ገባች። የታቀፈችው ልጅ አምስት ወር ቢሆነው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይጮኻል። ድምፁ ተዘግቷል። የከንፈሩ ዙሪያ ፍም መስሏል። "ምን ነካው?" አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ እጇን ዘረጋችልኝ። በጥፍሮቿ ሥር ቀይ የበርበሬ ጭማቂ ደርቋል።

"ታጥቤ ነበር እኮ ሲስተር። በውሃ ታጥቤ ነው ያጠባሁት።"

ልክ ናት፣ ታጥባለች። ነገር ግን በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ነገር በውሃ አይሟሟም። የሚሟሟው በቅባት ነው። ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስትለቅም የዋለች እጅ በውሃ ብትታጠብም ማቃጠሏን አትተውም። እናትየዋ ጡቷን ስትይዝ ወደ ጡቷ፣ የልጁን ፊት ስትዳብስ ወደ ዓይኑ ይሄዳል።

የልጁን ዓይን በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አጠብን። የከንፈሩን ዙሪያ በዘይት ጠረግን። ቀስ እያለ ተረጋጋ። እናትየዋ ግን አልተረጋጋችም። "ልሂድ፣ ካቦው ይጠራኛል" ትላለች፤ አትሄድም። ልጁን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የት ታድርገው?

በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት ልጆች በተመሳሳይ ችግር መጡ። ክሊኒኩ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዓይን ማጠብ መፍትሔ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

## ቦታውና ሰዎቹ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው አገር በበርበሬው የታወቀ ነው። ችግኙ በክረምት ይተከላል። ቀዩ ፍሬ የሚለቀመው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ነው። በርበሬ ባንድ ጊዜ አይቀላም። ዛሬ የተለቀመው እግር ላይ ከቀናት በኋላ ሌላ ፍሬ ይቀላል። ስለዚህ አንዱን ማሳ ደጋግመው ይመላለሱበታል። ሥራው የእጅ ነው፤ ብዙ እጅ ይፈልጋል።

ያ እጅ የሚመጣው ከደጋ ነው። ወደ እርሻው ከመጡት ብዙዎቹ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከቢቡኝና ከስናን የወረዱ ነበሩ። ከአዊና ከደቡብ ጎንደርም የመጡ አሉ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በግርጌው ያለው ሕዝብ ገብስና ድንች ያበቅላል። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ኖሮ አንሷል። ወንዶቹ ለሰሊጥ ወደ መተማና ወደ ሁመራ መውረዳቸው የቆየ ነው። ሴቶቹ፣ በተለይ ልጅ የታቀፉት፣ ያን ያህል አይርቁም። ቅርቡን ቆላ ይመርጣሉ። ባላቸው መተማ ሄዶ የቆየባቸው፣ የተፋቱ፣ ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ነበሩባቸው። "ምነው ለእናትሽ ትተሽው ብትመጪ" የሚላቸው ሰው አይጠፋም። የሚጠባ ልጅ ግን ለአያት አይተውም።

ማደሪያቸው ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ክፍያው በኪሎ ነው። ለቀማው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። ማታ ካቦው የእያንዳንዷን ማዳበሪያ መዝኖ ስሟ ፊት ይጽፋል። ማዳበሪያ የምላችሁ የማዳበሪያ ከረጢቱን ነው፤ ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው።

ሕጉን ለማያውቅ አንድ ነገር ልበል። ያኔ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ይል ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ለሦስት ወር በኪሎ ልትለቅም የወረደች እናት ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም። ስትቀጠርም ልጇን ወልዳ ነው የመጣችው።

## ልጆቹ የት ይውሉ ነበር

ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አንድ ጠዋት ማሳውንም ካምፑንም ዞርን። ዕድሜያቸው ከአራት ዓመት በታች የሆነ 27 ልጆች ቆጠርን። የሚውሉት በአራት ዓይነት ቦታ ነበር።

አንዳንዶቹ እናታቸው ጀርባ ላይ ናቸው። እናት ጎንበስ ስትል ልጁም ጎንበስ ይላል። የፀሐዩ ግለት ከላይ፣ የበርበሬው ሽታ ከታች። ሌሎቹ ማሳው ዳር ላይ፣ ማዳበሪያ ላይ ተነጥፎላቸው፣ ነጠላ ለብሰው ይተኛሉ። ጉንዳን አለ። እባብም አለ። ጥቂቶቹ ካምፑ ውስጥ በር ተዘግቶባቸው ይቀራሉ። ይህን የነገረችኝ እናት ዓይኔን ማየት አልቻለችም። እኔም ምንም አላልኳት። ምን ልበላት?

የሚበዙት ግን ታላቅ እህታቸው ጋ ነበሩ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሴት ልጆች ከደጋ አብረው የመጡት ለዚሁ ነው። ትምህርታቸውን አቋርጠው ማለት ነው። አንዷ አሁንም ፊቴ ላይ አለች። ወንድሟን በአንቀልባ አዝላ ስትዞር ትውላለች። ልጁ ከባድ ነው፤ ወገቧ ጎብጧል። "አውርጂውና ረፍ በይ" ስላት፣ "ካወረድኩት ያለቅሳል፤ ካለቀሰ እማዬ ትሰማለች፤ እማዬ ከሰማች ትመጣለች፤ ከመጣች ኪሎው ይጎድላል" አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ናት።

የዚያን ዕለት ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ የጸረ ተባይ መድኃኒት ባዶ ዕቃ ይዞ ውሃ ሲቀዳበት አገኘነው። ከእጁ ስንወስድበት አለቀሰ። መጫወቻው ነበር። ወደ እርሻው ሥራ አስኪያጅ ስሄድ ያንን ባዶ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ብዙ ከማውራት ያ ይሻል ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ነገሩ ገባው።

## የመጀመሪያው ማቆያ ለምን ባዶ ሆነ

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ጀርባ ያለ አንድ መጋዘን ፈቀደልን። ግድግዳው ተለስኖ ነጭ ኖራ ተቀባ። ሰሌን ተነጠፈ። ኳስና የፕላስቲክ መጫወቻ ተገዛ። ከሱቅ የታሸገ የሕፃን ምግብ መጣ። ከአቅራቢያው ከተማ ሁለት ወጣት ሴቶች ሞግዚት ሆነው ተቀጠሩ። ሁሉም በቅን ልብ የተሠራ ነው። ልጆቹን እንድንቀበል ቀን ተቆረጠ።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ልጆች መጡ። በሦስተኛው ቀን አንድ። በሳምንቱ ማንም አልመጣም።

መጀመሪያ "እናቶቹ አልገባቸውም" አልን። ስብሰባ ጠርተን ስለ ማቆያ ጥቅም ልናስተምር አሰብን። ደግነቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዲህ አለችኝ፦ "እኛ እንናገር ወይስ እነሱ ይናገሩ?" ማታ ካምፕ ሄደን እሳት ዳር ከእናቶቹ ጋር ተቀመጥን። ቡና ተፈላ። እስከ ሁለተኛው ስኒ ማንም ስለ ማቆያው አላነሳም። ከዚያ አንዲት ጠና ያለች ሴት ጀመረች።

"ምነው ሲስተር፣ ልጄን ከዓይኔ አርቄ እጄ የሚሠራ መሰለሽ?"

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተናገረ። መጋዘኑ ከማሳው በእግር ግማሽ ሰዓት ይርቃል። ለማጥባት ሄዶ መመለስ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሦስቴ ቢያጠቡ ሦስት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ያለ ለቀማ ማለት የማታው ራት ማለት ነው። ሞግዚቶቹንም አያውቋቸውም። "የማን ልጆች እንደሆኑ የማናውቃቸው" አሉ። ሕፃን ልጅ ሲበላ የማያውቀው ሰው ዓይን እንዳያርፍበት መሸፈን የአገሩ ወግ ነው። እኛ ደግሞ ልጆቹን በአንድ መስመር አስቀምጠን መስኮቱ ክፍት ሆኖ እናበላቸው ነበር።

እናቶቹ ነገሩ በደንብ ገብቷቸዋል። ያልገባን እኛን ነው።

## ወንፈል

ማቆያው ወደ ማሳው መሄድ ነበረበት። ማሳው ዳር ትልቅ ዋንዛ አለ። ከሥሩ ዳስ ተጣለ። ጣሪያው ሣር፣ ጎኑ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ። ወለሉ ተደልድሎ ሰሌን ተነጠፈበት። ዙሪያው በእሾህ ታጠረ። ኖራ የተቀባውን መጋዘን ያየ ሰው ይህን ቢያይ ያዝን ይሆናል። በእኔ ግምት ግን ከሠራነው ሁሉ ዋናው ይህ ነው። አሁን ከየትኛውም መስመር ልጁ ጋ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማሳው ሰፊ ስለሆነ ለቀማው ወደ ሌላው ጫፍ ሲዞር ዳሱም ሁለት ጊዜ ተዛወረ። ሣርና ከረጢት ስለሆነ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

ርቀቱ ቢፈታም ኪሎው አልተፈታም። አምስት ደቂቃ መሄድ፣ ማጥባት፣ አምስት ደቂቃ መመለስ፣ እጅ መታጠብ። ሲደመር ቀላል አይደለም። ካቦው "እኔ የምመዝነው የተለቀመውን ነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ የታዘዘው ያንን ነው።

መፍትሔው ከእኛ አልመጣም። አንዲት ከስናን የመጣች እናት፣ "ለምን ወንፈል አንገባም?" አለች። ጎጃም ውስጥ ወንፈል ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ዛሬ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የኔን። አራት አራት ሆነው ተቧደኑ። በአንድ መስመር ጎን ለጎን ይለቅማሉ። አንዷ ለማጥባት ስትሄድ ሦስቱ እየለቀሙ በየተራ የእሷም ማዳበሪያ ውስጥ ይጨምራሉ። ስትመለስ እሷ ለሌላዋ ትለቅማለች። በአንዱ ቡድን ውስጥ ልጅ የሌላት ልጃገረድ ነበረች። "አንቺ ምን ታገኚያለሽ?" ስላት፣ "እኔም አንድ ቀን እወልዳለሁ" አለችኝ።

ካቦው መጀመሪያ አልወደደውም። የማን ስንት እንደሆነ አይለይም ብሎ ፈራ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄደን ተነጋገርን። የአራቱ ባንድ ላይ ተመዝኖ እኩል እንዲካፈሉ ተስማማ። ካቦውም በኋላ ደስ አለው። ከሠላሳ ማዳበሪያ ይልቅ ስምንት ምዝን መጻፍ ይቀላልና። ወንፈሉ ከተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ማቆያው ውስጥ 19 ልጆች ነበሩ።

## ጥላው ሥር

ሞግዚቶቹን ከለቃሚዎቹ መካከል መረጥን። በትክክል ለመናገር እናቶቹ መረጡ። ሦስቱ እናቶች ናቸው። አራተኛዋ ከልጇ ጋር የወረደች አያት ናት። ልጆቹ ሁሉ "እምዬ" ይሏታል። ከከተማ ከመጡት ሁለት ወጣቶች አንዷ ቀረች፤ መዝገብ ትይዛለች፣ የሚራመዱትን ታጫውታለች። እምዬን መጀመሪያ ስታያት የፈራቻት ልጅ በኋላ ከጎኗ አትለይም ነበር።

ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑት ለሦስት ልጅ አንድ ሰው መደብን። ከዚያ በላይ ሲሆን አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይረሳል።

ዳሱ መግቢያ ላይ የእጅ መታጠቢያ አለ። የኑግ ዘይት በትንሽ ጣሳ፣ ሳሙና፣ ውሃ በጀሪካን። ቅደም ተከተሉ ዋና ነው። መጀመሪያ ዘይት፦ ጣት ለጣት፣ ጥፍር ሥር፣ እስከ ክርን። ዘይቱ የሚያቃጥለውን ነገር ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሳሙና ዘይቱን ያነሳል። ከዚያ ውሃ። ላብ ሲጠርጉ በርበሬው ደረት ላይም ስለሚደርስ፣ የለቀማ ሸሚዛቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው በንጹሕ ነጠላ ይገባሉ። ይህን ከጀመርን በኋላ በበርበሬ የተቃጠለ ዓይን ይዞ ክሊኒክ የመጣ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱንም ያቃጠለው የአባቱ እጅ ነው። ስለ አባቶች ማን አሰበ?

የምግቡን ጉዳይ እናቶቹ ራሳቸው አስተካከሉት። ከስድስት ወር በታች ያለው ልጅ ጡት ብቻ። ከዚያ በላይ ላሉት ከአጃ፣ ከስንዴና ከሽምብራ ዱቄት የተቀላቀለ ገንፎ በጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፍትፍት። የታሸገውን የሱቅ ምግብ አቆምን። እንቁላልና ወተት ለመጨመር ስንሞክር ግን ኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም ላይ ነበርን። ሕፃን አይጾምም፤ ይህን እናቶቹም ቄሱም ያውቃሉ። ችግሩ ድስቱ ነው። የጾም ምግብ በሚሠራበት ድስት ወተት አይገባም። ከሁለት ቀን ክርክር በኋላ አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለልጆቹ ብቻ ተገዛ። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታሰረበት። ከዚያ በኋላ ማንም አልከለከለም። ብዙ ቦታ ልጆች በጾም ወቅት እንቁላልና ወተት የሚጎድላቸው በእምነት ሳይሆን በድስት ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ።

ለሰው ዓይን መፍትሔው መጋረጃ ሆነ። ዳሱ ጥግ ላይ ነጠላ ተጋረደ። ልጅ የሚበላው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ክታብ ያሰሩም ብዙ ልጆች ነበሩ። እኔ የፈራሁት አንገት ላይ ያለው ክር ልጁ ሲተኛ እንዳያንቀው ነው። "ፍቱት" ብል ማቆያው በማግሥቱ ባዶ ይሆናል። እምዬ ክታቡን በመርፌ ቁልፍ ከልብሱ ትከሻ ላይ ማያያዝ ጀመረች። ክታቡም አለ፣ ልጁም አይታነቅም።

ያልጠበቅነው ጥቅም የመጣው ከወባ በኩል ነው። በቆላው ወባ የሚበረታው ክረምት ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የለቀማው ወቅት ማለት ነው። ቀድሞ ልጁ ሲያተኩስ እናት የምታውቀው ማታ ነው። ማታ ክሊኒክ ዝግ ነው። ሞግዚቶቹ ግን ጠዋት ሲቀበሉ የእያንዳንዱን ልጅ ግንባር ይነካሉ። ያተኮሰውን ወዲያው ወደ እኔ ይልካሉ። ምርመራውም ሕክምናውም በዚያው ቀን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ለመለየት በየሁለት ሳምንቱ የክንድ ዙሪያ ትለካለች። የክንዳቸው ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች የነበሩ ሁለት ልጆች አግኝታ በጤና ኬላው በኩል አልሚ ምግብ ጀመሩ። በአራት ዓይነት ቦታ ተበታትነው ቢሆን ኖሮ ማን ያገኛቸው ነበር?

በበዓል ቀን፣ በ12ም በ21ም፣ ለቀማ ስለሌለ ማቆያውም ዝግ ነው። ይህን ልብ ያላለው የእኛ መዝገብ ላይ ብዙ "ቀሪ" ተጽፎ ነበር።

## ያልሠሩት ነገሮች

እናቶቹ ጡታቸውን አልበው በኩባያ እንዲተዉ ሞክረን ነበር። አልሆነም። በዚያ ሙቀት የታለበ ወተት ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ማቀዝቀዣ የለም። በበርበሬ እጅ ማለብም ያው ችግር ነው። አንዷም "እኔ ላም ነኝ እንዴ?" ብላ ተቆጣች። በሦስት ቀን ተውነው።

የሞግዚቶቹን ክፍያ መጀመሪያ ዝቅ አድርገን ወሰንን። "ጥላ ሥር መቀመጥ ነው" ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ከአራቱ ሁለቱ ወደ ለቀማ ተመለሱ። ልክ ናቸው። ጥላ ሥር ሦስት ሕፃን ይዞ መዋል ለቀማ ከመዋል አያንስም። እርሻው ክፍያቸውን ከአንድ ደህና ለቃሚ የቀን ገቢ ጋር ካስተካከለ በኋላ ሁለቱም ተመልሰው መጡ። በእነዚያ ስድስት ቀናት ግን ሁለት ሕፃናት ሰው ለመዱብን ብለን ሳንጨርስ እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። ሕፃን የሚለምደው ቤት ሳይሆን ሰው ነው።

ኳሱንና የፕላስቲክ መጫወቻውን ማንም አልነካውም ማለት ይቻላል። ልጆቹ የሚወዱት የዋንዛ ፍሬና እምዬ የሠራችላቸውን የጨርቅ አሻንጉሊት ነው።

## የታላላቅ እህቶች ጉዳይ

ከዚህ ሁሉ እስካሁን የሚከብደኝ ይህ ነው።

ሕፃናቱ ማቆያ ሲገቡ ዘጠኝ ሴት ልጆች ጀርባቸው ቀለለ። ይህ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር። ወንድሟን በአንቀልባ ታዝል የነበረችው የስምንት ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ነው ያሳለፈችው። ወንድሟን በእሾሁ ቀዳዳ ታየዋለች። "ሂጂ ተጫወቺ" ስንላት አትሄድም። በሁለተኛው ሳምንት ጠፋች። ትምህርት ቤት ገባች ብዬ ደስ አለኝ። ያገኘኋት በርበሬ መስመር ውስጥ ነው። እናቷ ጎን ሆና ትለቅማለች። ጣቶቿ ቀልተዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ይከለክላል። በመዝገብ ላይ ግን ማንም አልቀጠራትም፤ የለቀመችው የእናቷ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። እናቷን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን አልቻልኩም። ልጅ የሚይዝ ሰው ሲገኝ፣ የተፈታው እጅ ወደ ሥራ መግባቱ ለእሷ ያለ የነበረ ነገር ነው። እኛ ነን ሕፃኑን ብቻ ቆጥረን እህቱን ያልቆጠርነው።

የቀበሌውን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አነጋገርን። ሰውየው ደግ ነው፤ ግን መሸኛ ይጠይቃል። መሸኛ ከደጋ፣ ከመጡበት ትምህርት ቤት መምጣት አለበት። ልጆቹ ደግሞ ሲመጡ ለማንም ሳይናገሩ ነው የመጡት። በስልክ ተደወለ፤ ለአራቱ መሸኛ በዘመድ እጅ መጣ። እነዚያ አራቱ ገቡ። ለተቀሩት አምስቱ ርእሰ መምህሩ ሳይመዘገቡ ክፍል ገብተው እንዲማሩ ፈቀደ። ሁለቱ ቀጠሉ። ሦስቱ ተመልሰው ወደ ማሳ ገቡ። የስምንት ዓመቷ ልጅ ከሦስቱ አንዷ ናት።

ካቦው በኋላ ልጆች መስመር ውስጥ ሲያይ እንዲያስወጣ ታዘዘ። ሲያስወጣቸው ዳሱ አጥር ሥር ይመጣሉ፤ እምዬ ገንፎ ታቃምሳቸዋለች። ያ መፍትሔ አይደለም። ግን የሆነው ያ ነው።

## ሌላ ቦታ ለሚጀምር ሰው

ይህን ሥራ ልጀምር የሚል ሰው ቢመጣብኝ የምለው መጀመሪያ ቤት አትፈልግ ነው። መጀመሪያ እናትየዋ ከምትሠራበት ቦታ እስከ ልጁ ያለውን መንገድ በእግርህ ሂድበት፤ በሰዓትህ ቁጠር። ከአምስትና ከአሥር ደቂቃ ከበለጠ ቤቱ ቤተ መንግሥት ቢሆንም ባዶ ይሆናል። ቦታው የሚንቀሳቀስ ሥራ ከሆነ፣ እንደ ለቀማና እንደ መንገድ ግንባታ፣ ማቆያውም አብሮ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ክፍያውን ጠይቅ። በቀን ነው የሚከፈላት? በኪሎ? በሜትር? በኪሎ የሚከፈላት እናት ለማጥባት የምትወስደው እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ከካቦውና ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ሳትስማማ መጫወቻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መፍትሔውን ደግሞ እናቶቹን ጠይቅ። የእኛዎቹ ወንፈል አሉ። የሌላ አገር እናቶች ሌላ ስም ያለው የራሳቸው መረዳጃ አላቸው።

ሞግዚት ከሠራተኞቹ መካከል ይመረጥ፤ ክፍያዋም ከለቃሚዋ አይነስ። ሥልጠና ከተማ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ለእኛ የበቃን ሦስት ከሰዓት በኋላ ነው፦ እጅ መታጠብ፣ ትኩሳት መለየት፣ ተቅማጥ ሲመጣ ኦአርኤስ መበጥበጥ፣ ልጅ ትን ሲለው ምን እንደሚደረግ። ሌላውን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ሕፃናቱን ስትቆጥር ታላላቆቻቸውንም በዚያው ወረቀት ላይ ቁጠር። ከትምህርት ቤቱ ጋር ወቅቱ ሳይገባ በነሐሴና በመስከረም ተነጋገር። ሠራተኛ የሚያመጣው ደላላ እናትየዋን ሲመዘግብ "የልጅሽን መሸኛ ይዘሽ ነይ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር፣ እኛ በኅዳር ስናለቅስበት የነበረው ነገር በግማሽ ይቀላል።

ወረቀትም ጠቃሚ ነው። ለቀማው ሲያልቅ ለእያንዳንዷ እናት አንድ ገጽ ሰጠናት። ልጁ የወሰደው ክትባት፣ የቀረው፣ የክንዱ ዙሪያ፣ ወባ ታሞ ከሆነ የወሰደው መድኃኒት። የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት እዚህ የደረሳቸው ልጆች ነበሩ፤ ቀጣዩን ደጋ ሄደው ነው የሚወስዱት። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ካልተሰጠ መንገድ ላይ ይቀራል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ እናቶቹ አይሱዙ ላይ ሲወጡ ወረቀቱን ብዙዎቹ ደረታቸው ውስጥ፣ ከገንዘቡ ጋር አስረውት አየሁ። እምዬ መኪናው ዳር ቆማ ልጆቹን አንድ በአንድ ግንባራቸውን ትነካ ነበር። አንዱ ያተኮሰ መስሏት ወደ እኔ አመጣችው። ለካሁት፤ ደህና ነው። "በይ ውጪ" አልኳት እናቱን፤ መኪናው ሄደ።